ዳለቻና ቀዳዳው ጆንያ

አንድ ጊዜ፣ ካካካ! አያ ጅቦ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ «ቀንድ አወጣሁ ወይ? እስቲ ዳብሱልኝ!» እያለ... ኧረ ቆይ፣ ኧረ ቆይ! እሱ እኮ ኋላ ነው የሚመጣው። ሥጋውን አስቀድሞ የለቀመ ልጅ ወጡ ላይ ያለቅሳል። ጣፋጩ ታች ነው ያለው፤ ሳቃችሁን አፋችሁ ውስጥ ያዙትና ከላይ እንጀምር።

አገሩ ቆላ ነው። ቆላ ደግሞ ማሽላ ነው። ማሽላ ከጠፋ አህያም የለ፣ ጅግራም የለ፣ ዝንጀሮም የለ፣ አይጥም የለ። በዚያ አገር ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። አመድ የመሰለ ቆዳዋን አይተው ነው ስሙን ያወጡላት። ሲጭኗት ትሄዳለች፣ ሲያወርዱላት ትቆማለች፤ ብዙ አትናገርም።

ዳለቻ በማሳዋ የምትዘራው ዘንጋዳ ነው። ዘንጋዳ ማለት ያ ቀዩ ማሽላ፣ እናቷ የዘራችው፣ የእናቷም እናት የዘራችው። ሲዘሩት ይበቅላል፣ ከምርቱ ላይ ለዘር ያስቀሩለታል፣ ተመልሶ ይዘራል። እንዲህ ሲል ኖሮ አቀንጭራ የሚሏት አረም ገባችበት። አቀንጭራን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ይወዳታል! አበባዋ ሐምራዊ፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ የደስ ደስ ያላት፣ ሙሽራ ናት እኮ የምትመስለው። ከመሬት በታች ግን የማሽላውን ሥር ነክሳ ደሙን ትመጥጣለች። ማሽላው ዝናብ እየጠጣ ይደርቃል። ነቀልኳት ሲሉ በሌላ በኩል ብቅ ትላለች።

ዳለቻ ነቀለች፣ ነቀለች፣ ደከማት። በዚያው ዓመት ደግሞ ውርንጭላ ወለደች። እግሩ ረጅም፣ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ፣ ዓይኑ ብቻ የሆነ ውርንጭላ። ጡቷን ይስባል፣ ይስባል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ያያታል። ያ አስተያየቱ ነበር ዳለቻን የሚገድላት።

«ይህ ልጅ ማሽላ ካላገኘ በጋውን አይሻገርም» አለች ለራሷ። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ሌላ ሐሳብ የምታስብበት ጉልበትም አልነበራትም።

ታዲያላችሁ በሰኔ መግቢያ ላይ እመት ቀበሮ ከወንዝ ማዶ አንድ ጆንያ እያስጎተተች መጣች። ጭራዋን አበጥራለች፣ ድምጿን በቅቤ አሽታለች።

«የአገሬ ልጆች! ረሀብ ቀረላችሁ! ይህ ማሽላ ነው፤ ግን እንደ ዱሮው ማሽላ እንዳይመስላችሁ። ማዶ ያሉ የሰው ልጆች የፍሬውን ውስጥ ከፍተው፣ ከሌላ ተክል ብርታት ወስደው፣ ከተውበት ዘጉት። አቀንጭራ ሥሩን ስትነክስ ጥርሷ ይረግፋል!»

ከዳለቻ ጎረቤት የምትኖር አንዲት ጅግራ ነበረች፤ ጫጩቶቿን አስከትላ የምትዞር፣ አፏ የማያርፍ። አንገቷን አሰገገች።

«እንዴት አድርገው ነው የሚከፍቱት? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰነጥቀው ያገኘሁት ዱቄት ብቻ ነው!»

«አንቺ በምንቃር፣ እነሱ በጥበብ» አለች ቀበሮ።

ዳለቻ ቀስ ብላ ቀረበች። «ታዲያ ይዘራ እንግዲህ፣ እመት ቀበሮ? ዝናቡ መጣ እኮ።»

«እንዴ! ያለ ሸንጎ? ጌታው አንበሳ ሳይፈቅዱ? ሳይፈቀድ አንዲት ፍሬ የነካ ወዮለት! ይልቅ ነይ ተሸከሚልኝና ዋርካው ሥር እንሂድ።»

እንግዲህ ይኸው ነው። ሸክም ሲመጣ ዳለቻ ትጠራለች። ምክር ሲመጣ ግን ዳለቻን ማን ያስታውሳታል? ተሸከመች። ዋርካው ያለው ተራራው ላይ ነው፤ ዳገቱ አህያ ያስለቅሳል።

የዚያ አገር ሸንጎ የሚቀመጠው በጥርስ ርዝመት ነው። ጥርሱ የረዘመ ፊት፣ ያጠረ ኋላ። አንበሳ ከዋርካው ግንድ ጋር፣ ነብር ከጎኑ፣ ጅብ ከነብር ቀጥሎ፣ ቀበሮ ከጅብ ቀጥላ። አህያና ዝንጀሮ፣ ጅግራና አይጥ ከኋላ፣ ነፋሱ ድምፃቸውን ወደ ገደል በሚወስድበት። አስተውሉልኝ እንግዲህ! ነገሩ የማሽላ ነገር ነው፤ ፊት ከተቀመጡት መሐል ማሽላ የሚበላ አንድም የለም!

ቀበሮ ተነስታ አመሰገነች። ማሽላው እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው፣ የተራበ ይጠግባል፣ የጠገበ ይሰባል። ገና ሳትቀመጥ አያ ጅቦ ዘለለ።

«መርዝ ነው! ሰምቻለሁ! ማዶ ይህን የበላች ፍየል ሁለት ራስ ያለው ግልገል ወለደች! የበላ ሁሉ ቀንድ ያወጣል! ዶሮ በልታ እንደ ውሻ ጮኸች!»

«ማን አየ?» አለች ጅግራ ከኋላ።

«የአጎቴ ልጅ ጎረቤት ሰማ!»

«የፈጣሪን ሥራ መነካካት ኃጢአት ነው» አለ አያ ነብሮም፣ ከሰው በረት የሰረቃትን ፍየል አጥንት እየቆረጠመ።

ዳለቻ ከኋላ ሆና አንድ ነገር ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ነፋሱ ወሰደው። ጌታው አንበሳ አዛጋ። እሱ ሲያዛጋ ሁሉም ይሰማል።

«ነገሩ ከባድ ነው፤ ይደር። ጆንያው ግን እዚህ አይደር፤ ጅብ ባለበት አገር እህልም ቢሆን አይታመንም። አህያዋ መልሳ ታውርደው።»

ዳለቻ አወረደችው። ስትወርድ የግራር እሾህ ጆንያውን ከታች በኩል ያዘው፤ ጎተተችና አለፈች። ጨርቁ ጭርር አለ። ወደኋላ አልዞረችም። የደከመው ጭርር ያለ ሁሉ የራሱ አጥንት ይመስለዋል።

ሁለተኛው ሸንጎ ተጠራ፤ ዳለቻ ጆንያውን አወጣችው። ወሬው በአገሩ ሁሉ ተነዝቶ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን «ማሽላዋ መጣች!» እያሉ ያስፈራሩ ጀመር። ጉድ ነው መቼም! ቀበሮም ተንኮለኛ አይደለች? ሸንጎው ከመጀመሩ በፊት የአያ ጅቦን ጆሮ ሳብ አደረገችና በሹክሹክታ፣ «ሞኝ ነህ እንዴ አያ ጅቦ? ይህን እህል የበላ እንስሳ እኮ ይሰባል። አህያም ጭምር» አለችው።

ጅብ ምራቁን ዋጠ። ሸንጎው ሲከፈት የመጀመሪያው ተናጋሪ እሱ ሆነ።

«ይዘራ! ዛሬውኑ ይዘራ! ምስኪን አህዮች እስከ መቼ ይከሳሉ? አንጀቴን በሉት እኮ!»

«ባለፈው መርዝ ነው ብለው አልነበረም ወይ?» አለችው ጅግራ።

«ባለፈው ሌላ ቀን ነው!»

ነብር አጥንቱን ከአፉ አወጣ። «እኔ ግን የሰማሁት ይህን የበላ እንስሳ ሥጋው ይመራል ነው።»

አያ ጅቦ ገና አልተቀመጠም ነበር። «ይከልከል!» ብሎ ጮኸ። «መርዝ ነው! ኃጢአት ነው! ሁለት ራስ!»

አንበሳ አዛጋ። «ነገሩ ከባድ ነው፤ ይደር።»

ዳለቻ ጆንያውን አወረደችው። እንዲህ ሆነ ክረምቱ። ሸንጎ ይጠራል፣ ዳለቻ ትወጣለች። ይደር ይባላል፣ ዳለቻ ትወርዳለች። ደመናው ይመጣል፣ ይዘንባል፣ ይሄዳል። በማሳዋ የዘራችው ዘንጋዳ ጉልበቷ ድረስ ካደገ በኋላ ከሥሩ ሐምራዊ አበባ ተነጠፈለት። ዳለቻ አየችውና አልፋው ሄደች። መሳደብም ጉልበት ይጠይቃል።

አንድ ቀን ስትወርድ ከኋላዋ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር ብትል ጅግራ ናት፤ አጎንብሳ ትለቅማለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እታለም፣ ጆንያሽ ያለቅሳል» አለች ጅግራ። «ከሰኔ ጀምሮ ያለቅሳል። እኔም እንባውን ስጠርግ ከረምኩ።»

ዳለቻ ደነገጠች። ጆንያው ከታች በኩል ተቀዶ ፍሬው አንድ በአንድ ይንጠባጠባል። ለካ ሸክሙ ከጊዜ ወደ ጊዜ የቀለላት ጀርባዋ ስለለመደው አልነበረም!

«በላሽው? ሸንጎው ገና አልወሰነም እኮ!»

«ሆዴ ወስኗል።»

«ቀንድስ?»

ጅግራ ራሷን ነቀነቀች። «ይኸው ነኝ። ላባዬ ያው፣ ጩኸቴ ያው፣ ዕንቁላሌም ያው። የነገን አላውቅም። የዛሬውን ግን ጠግቤያለሁ።»

ዳለቻ ወደ መሬት አየች። በየኮቴዋ ጉድጓድ፣ ዝናቡ በተጠራቀመበት፣ አረንጓዴ ነገር ቆሟል። ክረምቱን ሙሉ ስትወጣና ስትወርድ ፍሬውን ስትጥል፣ በኮቴዋ ስትቀብር፣ ሳታውቀው መንገዱን ሙሉ ዘርታው ኖሯል! ጥርሰ ረጅሞቹ በተራራው ጀርባ ነው የሚመጡት፤ አንዳቸውም ይህን መንገድ አይረግጡም።

ቀዳዳውን ልትደፍን ፈለገች። አንድ ጉንጭ ሣር ነጨች። ግን ምን ያደርጋል፣ ራቧ ቀደማትና ሣሩን በላችው። ሌላ ልትነጭ ጎንበስ አለች፣ ወገቧ እምቢ አላት። «ይንጠብጠብ እንግዲህ» ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ነው የባሰው ፈተና። መንገዱ ላይ ማሽላ እየበቀለ ልጇ እየተራበ! ውርንጭላው አፉን ወደ ቡቃያው ሲዘረጋ በግንባሯ ገፋችው።

«አይሆንም!»

«ለምን፣ እማዬ?»

«ለጋ ማሽላ የራሳችንም ቢሆን ሆድ ነፍቶ ይገድላል።»

ቡቃያው አድጎ ራስ አወጣ። ውርንጭላው እንደገና አፉን ዘረጋ። እንደገና ገፋችው።

«አሁን እኮ ለጋ አይደለም፣ እማዬ።»

«አይሆንም አልኩ።»

«ለምን?»

«አላውቅም።»

«እርቦኛል።»

«አውቃለሁ።»

ሌላ ምን ትበለው? ጅብ መርዝ ነው ይላል፣ ቀበሮ ማር ነው ትላለች። እውነቱን የሚነግራት ቢኖር ተንበርክካ ትሰማው ነበር። ልጇን ከማሽላው አጠገብ አስተኝታ፣ ማሽላው በልጇ ላይ ጥላውን ሲጥል እያየች፣ ዓይኗ እስኪከደን ትጠብቃለች።

የመጨረሻው ሸንጎ የተጠራው ጥቅምት ላይ ነው። ዳለቻ የተረፈውን ጆንያ ተጭና፣ ውርንጭላዋን አስከትላ ወጣች። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ ራሱ ሙሉ፣ ፍሬው ነጭ፣ ከሥሩ አንዲት አቀንጭራ የለችም። ራሷን ደፍታ በመሐሉ አለፈች።

ቀበሮ አመሰገነች። አያ ጅቦ ተነሳ፤ ግን የየትኛው ወገን እንደነበረ ጠፋበት።

«ባለፈው ምን ነበር ያልኩት?»

«ይከልከል ብለው ነበር፣ አያ ጅቦ» አሉት።

«እንግዲያው ይከልከል!»

ጌታው አንበሳ አፉን ከፈተ። «ነገሩ ከባድ ነው፤ ይ...»

ዳለቻ ከኋላ ተነሳች። በጥርሶቹ መሐል፣ በነብር አጠገብ፣ በጅብ አፍንጫ ሥር አልፋ፣ አንበሳው ፊት ስትደርስ ከነጭነቷ ዘፍ ብላ ተኛች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ አንበሳ።

«ደክሞኛል ጌታዬ።»

«ተነሽ!»

«አልነሳም። ከፈለጉ ይብሉኝ፤ አጥንት ነው የሚያገኙት።»

ሸንጎው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አህያ በሸንጎ ስትናገር ተሰምቶ አያውቅም። አንበሳም ከማዛጋት ውጪ የሚያደርገው ነገር ስላገኘ ደስ አለው መሰለኝ፣ «ተናገሪ» አላት።

«ጌታዬ፣ ጠላ ቀጂ እንኳ እንግዳ ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ከዚያ ነው ለእንግዳው የሚቀዳው። ይህ የአባቶቻችን ደንብ ነው። እናንተ ክረምቱን ሙሉ ስለዚህ እህል ስትከራከሩ፣ እኔም ክረምቱን ሙሉ ስሸከም፣ አንድ ነገር ገረመኝ። ማን ቀመሰው?»

ነብር ወደ ሰማይ አየ። ቀበሮ ጭራዋን ማስተካከል ጀመረች።

«ያመሰገነችው ትቅመስ» አለች ዳለቻ። «ያወገዘውም ይቅመስ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ተከራከሩ።»

«ደንብ ነው» አለ አንበሳ። «ይቀመስ!»

ቀበሮ አንዲት ፍሬ በጥፍሯ አንስታ አፏ ውስጥ ወረወረች። አላኘከችም፣ አልዋጠችም፤ ምላሷ ሥር ወሸቀቻት። «እምም! ማር ነው! ቅቤ ነው!» አለች። ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

የጅብ ተራ ሆነ።

«እኔ? መርዝ ነው ያልኩት እኔ ልቅመስ?»

«አንዲት ፍሬ ብቻ፣ አያ ጅቦ።»

ጅብ አንዲት ፍሬ ዋጠ። ቆመና አሰበ። «አልለየሁትም» አለና ሌላ ዋጠ። «አሁንም አልለየሁትም።» አንድ አፍ ሙሉ ዘገነ። «መርዙ ከታች ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ራሱን ጆንያው ውስጥ ከተተ። ጎትቱት! ያዙት! ቢሉ ማን ይዞት! የተረፈውን ሁሉ ዋጠው፣ ጆንያውን ላሰው፣ የጆንያውንም አንድ ጫፍ አብሮ በላው። ያ ሁሉ ደረቅ ጥሬ ጉሮሮው ላይ ሲቆምበት ወደ ወንዙ ሮጠና ጠጣ፣ ጠጣ፣ ወንዙ እስኪቀንስ ጠጣ።

ይኸው ደረስን! ጥሬውም ውኃውን ጠጥቶ ማበጥ ጀመረ። የአያ ጅቦ ሆድ ተነፋ፣ ተነፋ፣ ከበሮ ሆነ። እየተንገዳገደ ተመልሶ ዋርካው ሥር ወደቀና እግሩን ወደ ሰማይ ሰቀለ።

«ወይኔ! ቀንድ አወጣሁ ወይ? እስቲ ዳብሱልኝ! ይኸው ራሴ ላይ ሁለት ነገር ቆሟል!»

«አያ ጅቦ» አለች ጅግራ፣ «እሱ ጆሮዎ ነው!»

ያ ሸንጎ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ዝንጀሮ ከቅርንጫፍ ወደቀ፣ አይጧ ሳቅ አፈናት፣ ዋርካውም የሳቀ መሰለ። ዳለቻ ብቻ አልሳቀችም።

ሳቁ ሳይበርድ ነብር፣ «ይኸው! መርዝ ነው አላልኩም?» አለ። ቀበሮም ከንፈሯን ገጥማ፣ «ሆዳምነቱ ነው!» አለች። አንዱ መርዝ፣ ሌላው ሆዳምነት፣ ክርክሩ እንደ አዲስ ተጀመረ።

«ዘንጋዳስ ቢሆን» አለች ዳለቻ፣ «ይህን ያህል ጥሬ በልቶ ወንዝ የጠጣ አይነፋም ወይ?»

የሰማት የለም። አንበሳ ባዶውን ጆንያ አየና ተነሳ።

«እህሉ አልቋል። እህል ከሌለ ነገርም የለም። ሸንጎው ተዘግቷል።»

ውርንጭላው ወደ እናቱ ተጠጋ። «እማዬ፣ አለቀ ማለት ነው?»

ዳለቻ አንገቷን በአንገቱ ላይ ጣለች። ጅግራ ግን አፏ የማያርፍ አይደለች? የዋርካው ሥር ላይ ወጥታ ክንፏን መታች።

«አላለቀም! ኑ በእኛ መንገድ ውረዱ! እናንተ ስትከራከሩ እሱ ሲያድግ ከርሟል!»

ሁሉም ወረዱ። ጅብን እንኳ እያንከባለሉ አወረዱት። መንገዱን ሲያዩ አፋቸው ተከፈተ፤ ከላይ እስከ ታች ማሽላ፣ ነፋስ ሲነካው ሻ የሚል።

ቀበሮ በአንድ ዝላይ ፊት ወጣች።

«የእኔ ነው! ከእኔ ጆንያ የወደቀ የእኔ ነው! የቆረጠ ሁሉ ከእንግዲህ ዘሩን በየክረምቱ ከእኔ ጉድጓድ መጥቶ ይውሰድ! ከራሱ ምርት መዝራት ክልክል ነው! ጅግሮች ደግሞ ከነጫጩቶቻቸው ይምጡ፤ ወረፋ እንዳይበዛባቸው ቀድሜ አስገባቸዋለሁ!»

ጅግራ ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር ሰበሰበች። ለካ ነገሩ ይህ ነበር! ክረምቱን ሙሉ እህሉ መርዝ ነው ወይስ ማር ነው ሲባል፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ግን ቀበሮ በጣም ጮኸች፤ አፏን በጣም ከፈተች። «የእኔ ነው!» ብላ እንደገና ስትጮህ ከምላሷ ሥር አንዲት ነጭ ፍሬ ዱብ ብላ፣ ተንከባላ፣ አንበሳው እግር ሥር ቆመች።

አንበሳ ጎንበስ ብሎ አያት። «ምንድን ናት ይህቺ?»

«እ... እሷማ... ለዘር ያስቀመጥኳት ናት» አለች ቀበሮ።

ጅግራ ቱር ብላ መጥታ ፍሬዋን ለቀመቻት። ዋጠቻት። አንገቷን ነቅንቃም ለሁሉም አሳየች።

«ያልዋጠ ባለቤት አይሆንም» አለ አንበሳ። ትንሽ አሰበና ጎፈሩን አከከ። «ያልዋጠ ዳኛም አይሆንም። እኔም ጭምር።»

«እኔ ውጫለሁ!» አለ አያ ጅቦ ከመሬት። «እኔ ልፍረድ!»

«ፍረድ እስቲ።»

«ውኃ አትጠጡበት!» ብሎ አቃሰተ።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እህል በሊታዎች ፊት ተቀመጡ፤ ያውም በራሳቸው መንገድ ላይ። ማንም አልጮኸም። ሽማግሌው ዝንጀሮ፣ «ዘንጋዳችንን አንጣል፤ ከዚህኛው ጋር እንዳይደባለቅ ከጋራው ወዲያ እንዝራው። የዚህኛውን ፍሬ ደግሞ በአንድ ጥግ ዘርተን ይበቅል እንደሆነ እንየው፤ ቀበሮ ጉድጓድ የሚሄድ የለም» አለ። አይጧ ደግሞ፣ «እኔ አልበላም፣ እፈራለሁ» አለች። «አትብዪ» አለቻት ዳለቻ፤ «ማንም አይስቅብሽም።»

ውርንጭላው ግን መጠበቅ አልቻለም። አፉን ወደ ማሽላው ዘረጋ። ዳለቻ አንገቷን በመሐል አስገባችና አገደችው። ከዚያ ራሷ አንድ ራስ ማሽላ ቀጨች። ሁሉም ዙሪያዋን ከበባት። አኘከች። ዋጠች። ሁለተኛውን ቀጨች። አንበሳም አፏን ሞልታ ስታኝክ አይቶ አንድ ነገር ጠየቃት፤ እሷም መለሰችለት፤ ምን እንደተባባሉ ግን ኋላ ትሰማላችሁ። ከመለሰችለት በኋላ ጌታው አንበሳ ሳያዛጋ አፉን ገጠመ።

ዳለቻ እዚያው ተጋደመች። ውርንጭላው አጠገቧ ሆኖ ሆዷን፣ ጆሮዋን፣ ትንፋሿን ሲጠብቅ አደረ። ሲነጋ ዳለቻ ተነሳች። አቧራዋን አራገፈች። ግንባሯን ከድንጋይ ጋር አሸች፤ ቀንድ የለም። እንደ አህያ አናፋች፣ እንደ ውሻ አልጮኸችም። ከዚያ ልጇን በግንባሯ ገፋችው፤ አሁን ግን ወደ ማሽላው።

ከዚህ የምንማረው ስለ እህል መወሰን ያለበት ጥርሱ የረዘመው ሳይሆን እህሉን በልቶ የሚያድረው መሆኑን ነው፤ ጌታው አንበሳ «እንግዲህ ጥሩ ነው ብዬ ልወስን?» ብሎ ሲጠይቃት ዳለቻ እያኘከች የመለሰችለትም ይህንኑ ነበር፦ «ጥሩ ነው አላልኩም፣ መጥፎ ነውም አላልኩም፤ እኔ ልቅመስ፣ ልጄ ይጠብቅ፣ እናንተ ደግሞ ዝም በሉ፤ ደክሞኛል።»